ልብ አንጠልጣይ ለማይወድ አንባቢ፦ ጨለም ያለውን የፖለቲካ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው

እኔ የፍቅር መጽሐፍ ሰው ነኝ። የሕይወት ታሪክም ካገኘሁ አልምርም። ሰላይና ሽጉጥ ያለበት መጽሐፍ ግን የጀርባ ሽፋኑን አንብቤ ወደ መደርደሪያው እመልሰው ነበር።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ለገሃር እስክደርስ፣ ሰልፉን ትቼ መንገዱ ብቻ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል። ማታም ያው ነው። እንዲህ የሚኖር ሰው ወይ የስልኩን ባትሪ ይጨርሳል ወይ መጽሐፉን። እኔ መጽሐፌን ጨረስኩ። ቤቴ ውስጥ ያልተነበበ የፍቅር ልብ ወለድ ጠፋ። ይሄኔ ነው ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር፣ ብሎኩ በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸው፣ ደረጃ ላይ ያገኙኝ። «እንቺ እስኪ፣ ይቺን ሞክሪያት» አሉኝ። ጥራዙ በፕላስተር የተያዘ፣ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»።

ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ተውኩት። ስሞቹ ተምታቱብኝ። ስብሰባ በዛብኝ። ማንን መውደድ እንዳለብኝ አላወቅኩም። በሦስተኛው ግን ይዞኝ ሄደ፤ አንድ ቀን መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ደረስኩ። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው። የተለወጠው አነባበቤ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ስድስት ሰባት አንብቤያለሁ፤ አንዳንዱን ወድጄ፣ አንዳንዱን ተናድጄ። ከታች ያለው የሠራልኝ መንገድ ነው። «ኦሮማይ»ን ላላነበበ ሰው ስል ታሪኩን አላበላሽም።

1. በእጃችሁ ያለው ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ እወቁ

እንዲህ ያለው ጨለም ያለ የወንጀል መጽሐፍ «ኖዋር» ይባላል። የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ጥቁር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ጋሊማር የተባለው የፓሪስ አሳታሚ የወንጀል ልብ ወለዶችን «ጥቁሩ ተከታታይ» በሚል ስም ማውጣት ጀመረ። በዓመቱ የፈረንሳይ ሃያስያን ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው የገቡትን የአሜሪካ ፊልሞች በዚሁ ቃል ጠሯቸው። አጻጻፉ ግን ከስሙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በርካሽ ወረቀት ይታተሙ በነበሩ መጽሔቶች ላይ ነው ያደገው።

በተራው የወንጀል መጽሐፍ ነጠላው ንጹሕ ነው። አንድ ጠብታ እድፍ ያርፍበታል፣ መርማሪው መጥቶ ያጥበዋል፣ መጽሐፉ ያልቃል። በኖዋር ግን ማጠቢያው ውሃ ራሱ ደፍርሷል። የፖለቲካ ሲሆን ደግሞ ውሃውን የሚቀዳው መንግሥት ነው። ይህን ሳላውቅ ስገባ «መቼ ነው ጥሩው ሰው የሚመጣው?» እያልኩ ነበር የጠበቅኩት። አይመጣም። ወይም ይመጣና እጁ ይቆሽሻል።

ዘውጉ ለእኛ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። ማሞ ውድነህ ስንት የስለላ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንደመለሱ የቀድሞ አንባቢ ያውቃል። ጋሼ እንደሚሉት እሳቸው ወጣት ሳሉ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ መንገድ ዳር በቀን ሒሳብ ይከራይ ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ሌሊት ይጨርሱታል። «ያኔ ቀስ ብሎ ማንበብ ቅንጦት ነው» ይላሉ።

2. የመጀመሪያውን በራሳችሁ ቋንቋና በራሳችሁ ታሪክ ጀምሩ

ብዙ ሰው በውጭ መጽሐፍ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የለንደን ወይም የበርሊን የስለላ መጽሐፍ ስታነቡ ሁለት ሥራ አለባችሁ፤ ታሪኩን መከተልና አገሩን ማወቅ። በአማርኛው አንዱ ሥራ ይቀንሳል። ቀበሌ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳችሁም። «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል ስታዩ መዝገበ ቃላት አትከፍቱም፤ አንገታችሁን ዞር ታደርጋላችሁ እንጂ።

ስትገዙ አትቸኩሉ። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠይቁ፤ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን «ወንጀልና ፖለቲካ ያለበት አማርኛ» በሏቸው። ደህና ሻጭ አራት አምስት አውጥቶ ይደረድርላችኋል። ቆማችሁ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች አንብቡ። አሥሩ ካላስጨረሳችሁ አትግዙ። ወፍራሙንም ለሌላ ጊዜ ተዉት።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ተማሩ። መንገድ ላይ በርካሽ የገዛሁት አንድ ቅጂ ከገጽ 192 ዘሎ 209 ገባ። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚጠረዘው በ16 ገጽ፣ በ16 ገጽ ታጥፎ ስለሆነ ሲጎድል አንድ ቅጠል አይጎድልም፤ አሥራ ስድስቱም ነው አብሮ የሚጠፋው። የጠፋብኝ ደግሞ ሰውየው ማን እንደከዳው የሚያውቅበት ቦታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ተናድጄ ሰነበትኩ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የገጽ ቁጥሩን በአውራ ጣታችሁ ፈረር እያደረጋችሁ እዩ። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ፤ ወመዘክር አለ፤ አራት ኪሎ አብርሆትም አለ። ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው፣ ግን ቅዳሜን ያህል ቀን ለምን ተፈጠረ።

3. በራሳችሁ በር ግቡ

ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ የወደቅኩት «እንግዲህ እንደ ልብ አንጠልጣይ አንባቢ ላንብብ» ብዬ ነው። ማን ገደለ፣ ማን ሰለለ፣ ሰነዱ የት ገባ። ይህ የእኔ ጥያቄ አይደለም። ማን ገደለ ብባል እንቅልፌን አላጣም። ማን ከዳ፣ ማን ዋሸ፣ እያወቀች ለምን ዝም አለች ብባል ግን ሌሊቱ ይነጋብኛል። ይህን ደግሞ ከፍቅር መጽሐፍ ነው የተማርኩት።

በሦስተኛው ጊዜ «ኦሮማይ»ን እንደ ፍቅር መጽሐፍ ጀመርኩት። ፀጋዬ ጋዜጠኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሮማን አለችው። ለዘመቻ ሥራ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታ አለች። በቃ፣ ይህን ያህል ለእኔ ይበቃኛል፤ ሁለት ሴት አንድ ወንድ። የፍቅር አንባቢ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግኩ። ማን ለማን ስንት ጊዜ እውነቱን ነገረ? ማን የቱን ነገር ደበቀ? ደብዳቤ ሲዘገይ ለምን ዘገየ? እያልኩ ስሄድ ስብሰባውና ዘመቻው ሳያስቡት በጎን ገባ። በእነዚህ ሰዎች መሃል ሌላ አንድ የማይታይ ሰው ተቀምጧል፤ መንግሥት የሚባል። እሱም ይቀናል። እሱም «ከእኔ ሌላ አይኑርህ» ይላል። ከዚያ በኋላ የስብሰባው ገጽ አልሰለቸኝም፤ የቀናተኛ ባል ንግግር ሆኖ ተሰማኝ።

የእናንተ በር ሌላ ሊሆን ይችላል። ታሪክ የምትወዱ ከሆነ ቀኑንና ቦታውን ተከተሉ፤ የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ መለየት ራሱ ጨዋታ ነው። መንፈሳዊ መጽሐፍ የምታነቡ ከሆነ ኑዛዜውን ፈልጉ። በእነዚህ መጽሐፎች ሁልጊዜ የሚናዘዝ ሰው አለ፤ ግን የሚናዘዘው ለቄስ ሳይሆን ለመርማሪ ነው፣ ይቅርታም አያገኝም። ምግብ ማብሰል የምትወድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ማን ከማን ጋር ገበታ እንደቀረበ ትመዘግባለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ መጽሐፍ ላይ ከዳተኛውን ከእኔ በአርባ ገጽ ቀድማ አወቀችው፤ ሊያጎርሰው የተዘረጋውን እጅ ሰውየው አይቶ ዝም እንዳለ ልብ ብላለች።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በምትወዱት መጽሐፍ ውስጥ ዓይናችሁ ምን እንደሚፈልግ አስቡ። ያንኑ ዓይን ይዛችሁ ግቡ።

4. አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ ሦስት ጥያቄ

ስም ይበዛል። ማዕረግ ይጨመራል። አንዱ ሰው በአንድ ገጽ «ኮሎኔሉ»፣ በሌላው በአባቱ ስም፣ በሦስተኛው በቅጽል ስም ይመጣል። እኔ የገበያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ፤ እሱው ምልክት ሆኖ መጽሐፉ ውስጥ ይቀመጣል።

ከስሙ ጎን ሥራውን አትጻፉ፤ ሥራው ውሸት ሊሆን ይችላል። ይህን ጻፉ፦ ምን ይፈልጋል? ማንን ይፈራል? ስለ እሱ የሚያውቅበት ማን ነው? ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ያንን ሰው ጠርጥሩት።

ከስምንት ስም በላይ አትመዝግቡ። የዘበኛ ስም የሚመዘግብ ሰው መጽሐፍ አያነብም፣ የቀበሌ ቅጽ ይሞላል።

5. «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ጠብቁ

ይህ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው የተሰጠ ጸጋ ነው። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አታገኙትም።

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በምን እንደሚጠራሩ ልብ በሉ። መርማሪው «ይቀመጡ» ብሎ ይጀምራል። በሦስተኛው ጥያቄ «ስማ» ይላል። በመሃል ምንም አልተደረገም፤ ጥፊ የለም፣ ዛቻ የለም። ግን ሰውየው ወርዷል። አንዳንዴ ግልባጩ ይመጣል፤ ሲያንቋሽሸው የነበረ አለቃ ድንገት «እርስዎ» ይላል። ያኔ ነው መፍራት። በእኛ አገር ድንገት የሚመጣ አክብሮት ወይ ሹመት ነው ወይ መርዶ።

በደርግ ዘመን በሚተረኩት ውስጥ ደግሞ «ጓድ» አለ። ቃሉ ሁሉንም እኩል ለማድረግ የመጣ ነበር። መጽሐፎቹ ውስጥ ግን ሁለት ጓዶች እኩል የሆኑበትን ገጽ ፈልጉና አሳዩኝ። አንዱ «ጓድ» ሲል ትእዛዝ ነው፣ ሌላው «ጓድ» ሲል ልመና ነው።

ግሱንም እዩት። «ተወሰደ»፣ «ተነሣ»፣ «ተዛወረ»፣ «ለጥያቄ ይፈለጋሉ» ይላል። ማን ወሰደው? ማን ፈለጋቸው? ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አድራጊው የለም። እንዲህ ያለ ግስ ሲመጣ በእርሳስ አሰምርበታለሁ፤ ከጋሼ የተዋስኩት ከሆነ ግን በጥፍሬ ጫን እላለሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ «እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር። ያን ዘመን ያየ አንባቢ ቃሉን በደንብ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ግን «እርምጃ» ሲባል የአስተዳደር ቅጣት መስሎት ያልፈዋል፤ እኔም አልፌው ነበር። አንድ ሙሉ ሰው ሞቶ አለፈኝ።

6. ግማሽ ገጽ ታሪክ ይበቃል

የታሪክ መጽሐፍ ጨርሳችሁ ወደ ልብ ወለዱ እመጣለሁ ካላችሁ አትመጡም። ግማሽ ገጽ ብቻ ያዙ። ለ«ኦሮማይ» የያዝኩት ይህን ነበር።

ደርግ ንጉሡን ያወረደው መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ቀይ ሽብር የሚባለው በ1969 እና በ1970 በከተሞች ላይ የደረሰው መከራ ነው። በኤርትራ ጦርነቱ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የቀጠለ ነበር። በ1974 መንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚባለውን ከፈተ። መናኸሪያው አስመራ፣ ዓላማው ሻዕቢያን ከናቅፋ ተራሮች ማስለቀቅና ጦርነቱን አንድ ጊዜ መጨረስ ነው። ከውጊያው ጎን ፋብሪካ ማስነሣት፣ መንገድ መጠገን፣ ቅስቀሳ ነበረበት፤ ለዚህም ነው «ሁለገብ» የተባለው። ጋዜጠኛ ዋና ሰው የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉ በ1975 ወጣ። ደርግ በግንቦት 1983 ወደቀ።

«ኦሮማይ» የሚለው ቃል አስመራ ላይ ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። አለቀ፣ አበቃ እንደ ማለት ነው። ይህን አውቆ መጀመር ታሪኩን አያበላሽም፤ ርዕሱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አብሯችሁ ይሄዳል።

7. የት፣ መቼ፣ ስንት ገጽ

አጫጭር ጊዜ አይሆነውም። የፍቅር መጽሐፍ አሥር ደቂቃ ተነቦ ቢቀመጥ ችግር የለውም። ይሄኛው ግን ውጥረቱ እስኪጠነክር ሠላሳ ገጽ ይፈልጋል። የእኛ የዳር አገር መንገድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ጎተራ እያለ ለገሃር እስኪደርስ፣ ወንበር ካገኘሁ፣ አንድ ምዕራፍ ይወጣል። ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ ያላችሁም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላችሁም።

ሽፋኑን በጋዜጣ ሸፍኑት። እውነቴን ነው። አንድ ቀን ጎኔ የተቀመጡ ሰውዬ ርዕሱን አይተው እስከ ሳሪስ ድረስ መጨረሻውን ሊነግሩኝ ሞከሩ። «አባባ፣ በእመቤቴ፣ ገና ነኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ዝም አሉ፤ ግን ፊታቸው እየነገረኝ ነበር።

ማታ መብራት ሲጠፋ ማንበብ ይወደዳል ይባላል። እኔ አልመክርም። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፣ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ መጽሐፉ ውስጥም በር ይንኳኳል። አንዴ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ልጅ በሬን ሲያንኳኳ ከሶፋው ዘለልኩ። ለሚደሰትበት ይሁን። እኔ ከእራት በኋላ ወደ ፍቅር መጽሐፌ እመለሳለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ምንም ነውር የለበትም።

8. ስትጠፉ ወደ ኋላ አትመለሱ

ትጠፋላችሁ። ብዙ ጊዜ ከገጽ 60 እስከ 90 ባለው ነው። ሰዎቹ ገብተዋል፣ ሴራው ተጀምሯል፣ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። እዚህ ላይ ነው ሁለቴ የተውኩት። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ወደ ገጽ 20 ተመለስኩ፣ እንደገና አነበብኩ፣ እንደገና ጠፋሁ።

ጋሼን ሳማክራቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የጠፋሽው? እሱስ ያለበትን ያውቃል?» አሉኝ፤ ዋናውን ሰውዬ ማለታቸው ነው። ደራሲው እኛንም ሰውየውንም እኩል ጨለማ ውስጥ ነው ያስገባን። መጥፋቱ የንባቡ አካል ነው። ምዕራፉ እስኪያልቅ ወደፊት ሂዱ። በምዕራፉ መጨረሻ ሦስት ነገር ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፤ አሁን ማን ፈራ፣ ማን አተረፈ፣ ማን ጠፋ። መልሱ ስህተት ቢሆንም ግድ የለም። ሃያ ገጽ ቆይቶ ይታረማል።

ሁለት ምዕራፍ ሙሉ እንዲህ ሄዳችሁ ምንም ካልቀረላችሁ ግን ተዉት። ሁሉም መጽሐፍ ለሁሉም ሰው አይደለም፤ አንዳንዱ ጨለማ ደግሞ የአጻጻፍ ድክመት ነው።

9. ስለ ሴቶቹና ስለ ደሙ

ዘውጉ ሴት ላይ ሸክም ያበዛል። ከአገር አገር ይህ አይለወጥም። ሴቷ ወይ ማጥመጃ ናት፣ ወይ ቤት ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ናት፣ ወይ ሬሳ ናት። ከፍቅር መጽሐፍ የመጣች አንባቢ ይህን ቶሎ ታያለች፣ ትናደዳለችም። ተናደዱ። «ዘመኑ ነው» ብላችሁ አትለፉት። እኔ አንድ ዘዴ አለኝ፤ ሴቷ ያለችበትን ምዕራፍ ከጨረስኩ በኋላ ያንኑ ትዕይንት በእሷ ዓይን በልቤ መልሼ አየዋለሁ። እሷ ምን ታውቅ ነበር? እሱ ያላየው ምን ነበር? አንዳንዴ መጽሐፉ መልሱን ደብቆ ይዞታል፣ ደራሲው ጎበዝ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ባዶ ነው።

የድብደባውን ገጽ መዝለል ይቻላል። ማንም አይፈትናችሁም።

10. መቅድሙንና የደራሲውን ዕጣ ለመጨረሻ አቆዩ

የፖለቲካ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ከኋላው ሌላ ታሪክ ይጎትታል። መጀመሪያ ያንን ካነበባችሁ መጽሐፉ ማስረጃ ይሆንባችኋል፤ በየመስመሩ «ይሄ ይሆን ያስቀጣው?» እያላችሁ ትፈልጋላችሁ። ሰዎቹ ይጠፋሉ። መጀመሪያ ልብ ወለዱን እንደ ልብ ወለድ ጨርሱ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ የምታውቁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ዘመቻውን በሩቅ ሰምቶ አይደለም የጻፈው። መጽሐፉ እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 አንድ ማታ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ እንደተገኘች ስለ እሱ በተጻፉት ላይ ተደጋግሞ ተነግሯል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ አሁን ሌላ አገር ያለ ሰው ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ባቡር ላይ ተቀምጦ ያነበዋል።

እኔ ይህን ያነበብኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ቃሊቲ ላይ እንደተለመደው በትራፊክ ቆመ። ያን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ያን ቀን ስልኬን አላወጣሁም። መስኮቱን ጠርጌ ውጪውን አየሁ። ጋራዥ፣ የሲሚንቶ መኪና፣ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ። ሌላ ምንም የለም።

11. ከጨረሳችሁ በኋላ ሰው ፈልጉ

መጨረሻው አያረካም። ክፉው አይቀጣም ይሆናል፤ የወደዳችሁት ሰው እንዲያው በከንቱ ይሄዳል። በፍቅር መጽሐፍ ለምደን አልቅሰን ይቀለናል። እዚህ ዕንባውም አይመጣም። ስለዚህ በዚያው ሌሊት ሌላ መጽሐፍ አትክፈቱ። በልባችሁ የቀረውን ይዛችሁ ሰው ዘንድ ሂዱ።

እኔ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና አፍልቼ ጋሼን ጠራኋቸው። አቦሉ ላይ ስለ ሰዎቹ አወራን፤ ማንን ወደድሽ፣ ማንን ጠላሽ። ቶናው ላይ ተጣላን። እሳቸው ፀጋዬን ይወቅሱታል፣ «እያወቀ ነው የሠራላቸው» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ጋሼ፣ እርስዎ በዚያ ጊዜ አስተማሪ አልነበሩም? ደሞዝ ማን ይከፍልዎ ነበር?» አልኳቸው። ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ። ሲኒውን አስቀመጡ። ቆዩ። ከዚያ በረካው እስኪደርስ ድረስ በዚያ ዘመን ስላስተማሩበት ትምህርት ቤት ነገሩኝ፤ አንድ ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠሩ መልስ ስላልሰጠ ተማሪ። ስድስት ዓመት ጎረቤት ነን፤ ነግረውኝ አያውቁም። ያንን እዚህ አልጽፈውም።

እንዲህ ያለ ወሬ በፍቅር መጽሐፍ ላይ ተነሥቶብኝ አያውቅም። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የምታወሩት ሰው በዚያ ዘመን ከየትኛው ወገን እንደነበረ፣ ማንን እንዳጣ አታውቁም። ስለ መጽሐፉ ሰዎች ጀምሩ። ወደ ራሱ ከመጣ ይምጣ፤ እናንተ ግን እንደ እኔ አትግፉት።

12. ቀጥሎ ምን?

ወዲያው ሌላ ጨለማ አትደራርቡ። አንድ የምትወዱትን፣ አንድ ይሄኛውን እያፈራረቃችሁ ሂዱ። ሁለተኛው መጽሐፍ ከሌላ አገር ቢሆን ጥሩ ነው፤ አሁን የዘውጉን ጉድጓድ ስለምታውቁት አገሩ ቢያስቸግራችሁም አትወድቁም። የበዓሉን አጻጻፍ ከወደዳችሁ ግን ከስለላው ውጪ «ከአድማስ ባሻገር» አለ። ልብ አንጠልጣይ አይደለም፤ ለፍቅር አንባቢም ይቀርባል።

የጋሼ መጽሐፍ አሁን እኔ ዘንድ የለም። አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ወስዳዋለች፤ የማታ ተረኛ ስትሆን ታነባለች። እሷ ደግሞ የመንፈሳዊ መጽሐፍ ሰው ናት። ትናንት ደረጃ ላይ አገኘችኝና «እኔ እኮ ምንም አልገባኝም፣ ልመልስልሽ?» አለችኝ።

«ስንተኛው ገጽ ላይ ነሽ?»

«74።»

«ቀጥዪ» አልኳት።